ቦርሳው «ኦሪጅናል ነው» ሲባል

የምሳ ሰዓት ነው እንበል። አንዲት የሥራ ባልደረባ ከጨርቅ ከረጢት ውስጥ የእጅ ቦርሳ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። ቦርሳው ቡናማ ነው፤ ላዩም በሙሉ በአበቦችና ኤል እና ቪ በሚባሉት የላቲን ፊደላት ተሞልቷል። «ኦሪጅናል ነው፤ ከዱባይ የመጣ ነው፤ ለአንቺ ስለሆነ ነው በዚህ ዋጋ» ይባላል። ቦርሳው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አንዷ ታሸተዋለች፤ ሌላዋ በጥፍሯ ትጭረዋለች፤ ሦስተኛዋ ደግሞ «እስቲ ክብሪት አምጡ» ትላለች። ዕቁብ የደረሳት እናት ግን ዝም ብላ ዋጋውን በሆዷ ታሰላለች።

ለመሆኑ ይህች እናት ገንዘቧን ከመክፈሏ በፊት ምን ማየት ይኖርባታል? ይህን ያህል ገንዘብ ለቦርሳ ማውጣት ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ክርክር ለዛሬ እንተወው። ላቧን ያፈሰሰችበትን ገንዘብ በምን ላይ እንደምታውለው የምታውቀው እርሷ ናት። የእኛ ጉዳይ ሌላ ነው። የእውነተኛውን ዋጋ ከፍሎ አስመስሎ የተሠራውን ይዞ ቤት መግባት አለ። ከዚህ ባልተናነሰ ደግሞ እውነተኛውን በእጅ ይዞ ሳያውቁት መጣል አለ። ሁለቱም ጉዳት ነው።

ክብሪቱ ይቅር

ስለ ቆዳ እናቶቻችን የሚያውቁት ብዙ ነው። ጀንዲ በተነጠፈበት፣ ስልቻ በተሰቀለበት፣ በቆዳ የተለበጠ አገልግል በሚያዝበት ቤት ያደገች ሴት ቆዳን በሽታው ትለየዋለች። እሳት ሲነካው እንደ ተቃጠለ ጠጉር የሚሸተው ቆዳ ነው፤ ቀልጦ የሚሸበሸበውና ጭሱ የሚያፍነው ፕላስቲክ ነው። ይህ ዕውቀት ትክክል ነው። ስሕተት የሚሆነው ይህንኑ ፈተና የታወቀ የፈረንሳይ ስም ባለው ቦርሳ ላይ ስንጠቀምበት ነው።

ምክንያቱም ከላይ የጠቀስነው የሉዊ ቪቶን ቡናማ ቦርሳ አካሉ ቆዳ አይደለም። አካሉ የጥጥ ሸራ ነው፤ ሸራው ውሃ እንዳያስገባ በፕላስቲክ ቅብ ተለብጧል። ቆዳ የሚገኘው በመያዣው፣ በጠርዙና በማሰሪያው ላይ ነው። እንግዲህ ክብሪት ቢለኮስበት እውነተኛው «ፕላስቲክ ነው» ተብሎ ይፈረድበታል፤ በርካሽ ቆዳ ተሰፍቶ ስሙ የተለጠፈበት ግን በነፃ ይለቀቃል። «ቆዳ ነው ወይ?» እና «የማን ሥራ ነው?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ክብሪት ቢበዛ የመጀመሪያውን ይመልስ ይሆናል። የሁለተኛውን መልስ ግን ከሌላ ቦታ መፈለግ አለብን።

ፊደሉ ከየት መጣ?

ሉዊ ቪቶን የሰው ስም ነው። በ1821 በምሥራቅ ፈረንሳይ ገጠር ተወልዶ፣ በልጅነቱ ወደ ፓሪስ በእግሩ የተጓዘና ከሻንጣ ሠሪ ዘንድ ተቀጥሮ ሙያ የተማረ ሰው ነበር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተጻፈባቸው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1854 የራሱን ሱቅ ከፈተ። በዚያን ዘመን የጉዞ ሣጥኖች ክዳናቸው ጎበጥ ያለ ስለነበረ በመርከብና በባቡር አንዱን ባንዱ ላይ መደርደር ያስቸግር ነበር። ቪቶን ክዳኑን ጠፍጣፋ አደረገው፤ ላዩንም በቀላል ሸራ ለበጠው።

ሥራው ሲወደድ ይቀዱበት ጀመር። ሸራውን ባለ መስመር አደረገው፤ እርሱንም ቀዱት። በ1888 እንደ ዳማ ገበታ በአራት ማዕዘኖች የተከፋፈለ ሸራ ወጣ። ምልክቱ የተመዘገበ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍም በሸራው ላይ ገባ። ቪቶን በ1892 ሞተ። ቅጂው ግን አላቆመም ነበርና ልጁ ዦርዥ በ1896 የአባቱን ስም መነሻ ፊደላት ከአበቦች ጋር አጣምሮ ዛሬ የምናውቀውን ሸራ አወጣ።

ታዲያ ነገሩ አያስገርምም? ዛሬ በየገበያው ተደርድሮ የምናየው ፊደል የተፈጠረው ቀጂዎችን ለመከላከል ነበር። ቀጂ አስቀድሞ የሚቀዳው የገዢ ዓይን አስቀድሞ የሚያርፍበትን ነው። ፊደሉን፣ አበባውን፣ የብረቱን ወርቃማ ቀለም፣ የጨርቅ ከረጢቱንና ካርዱን አሳምሮ ይሠራል። ጊዜና ገንዘብ የሚያስወጣውንና ገዢ የማያየውን ግን ይዘለዋል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ሽሮ ሜዳ ጥበብ የምትገዛ ሴት ፊቱን አይታ ብቻ አትከፍልም፤ ጀርባውን ገልብጣ ክሩ የት እንደታሰረ ትመለከታለች። መሶብ የምትገዛም ውስጡንና መቀመጫውን ታያለች። አያቶቻችንም በጠገራ ብር ዘመን ማርትሬዛን ሲቀበሉ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ፈርጦች ይቆጥሩ እንደነበር ይነገራል። ያንኑ ልማድ ወደ ቦርሳው ማምጣት ነው።

ሽንኩርት የተሸከመው ቦርሳ

ለዚህ ጽሑፍ መርካቶ ውስጥ ሻንጣና ቦርሳ በመጠገን ብዙ ዓመት የሠሩ አንድ አዛውንት ዘንድ ሄጄ ነበር። እየተጨዋወትን ሳለ አንዲት በሃምሳዎቹ ዕድሜ የምትገኝ ሴት የዚፑ መጎተቻ የተነቀለ ቡናማ ቦርሳ ይዛ መጣች። ጎኖቹ ክብ፣ መያዣዎቹ ሁለት አጫጭር የሆኑ፣ «ስፒዲ» የሚባለው ዓይነት ነው፤ ይህ ቅርጽ ከ1930 ጀምሮ የሚሠራ ነው።

«ጋሼ፣ ይህን ዚፕ ይቀይሩልኝ። ለገበያ ስለምይዘው ነው እንጂ ዕቃውስ ፎርጅድ ነው» አለቻቸው።

«ማን አለሽ ልጄ?»

«ጎረቤቶቼ ናቸዋ! በክብሪት ሞክረውት። ደግሞ ይዩት፤ በዚህ በኩል ፊደሉ ተዘቅዝቋል። እንዲህ አድርጎ የሚሰፋ ኦሪጅናል አለ?»

አዛውንቱ መነጽራቸውን አድርገው ቦርሳውን ገለበጡትና መዳፋቸውን በሆዱ ላይ አሳለፉ። «እይ፤ ከታች ስፌት የለውም። ሸራው አንድ ወጥ ነው። በዚህ በኩል ወርዶ፣ በሥር ዞሮ፣ በወዲያ በኩል ይወጣል። በአንድ ፊት ቀጥ ብሎ የቆመው ፊደል በሌላው ፊት ካልተዘቀዘቀ ነበር እኔን የሚገርመኝ» አሉ።

ከዚያም መያዣው ከሸራው ጋር የተሰፋባቸውን አራት ቦታዎች አሳይተው «ስፌቱን ቁጠሪ» አሏት። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ በጣቷ እየነካች ቆጠረች። በአራቱም ላይ ቁጥሩ እኩል ነበር። ክሩ ሰናፍጭ የመሰለ ቢጫ ሆኖ፣ ጥልፎቹ አንድ ዓይነት ርዝመት አላቸው። ወደ ውስጥ ሲያዩት ገበሩ ቡናማ የጥጥ ጨርቅ ነው። የመያዣው ጠርዝ ጠቆር ያለ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ቆዳው ደግሞ እጅ የሚይዘው ቦታ ላይ ወደ ቡና ቀለም ጠቁሯል። ብዙ ሰው መጥቆሩን የርካሽነት ምልክት አድርጎ ያየዋል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ይህ ቆዳ ያለ ቀለም የለፋ በመሆኑ አዲስ ሳለ ነጣ ያለ ነው፤ ፀሐይና የእጅ ወዝ ሲነካው እየዋለ እያደረ እንደ ማር ይሆናል። በሽፋን ቀለም የተለበጠው ርካሽ መያዣ እንደዚህ አያረጅም፤ ይሰነጠቃል ወይም ይላጣል።

ሴትዮዋ ቤይሩት ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥራ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ቦርሳውን የሰጠቻት አሠሪዋ ስትሆን፣ የሰጠቻትም ለራሷ ሌላ በገዛች ጊዜ ነው። «እኔ እንግዲህ የሚጣል ስለሆነ የሰጠችኝ ነበር የመሰለኝ። ከመጣሁ ጀምሮ ሽንኩርት ነው የተሸከመው እኮ!» አለችና ሳቀች። ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም። አዛውንቱም «መሐላ አልምልልሽም፤ እኔ የፓሪስ ሰው አይደለሁም። ግን ዚፑን አልቀይረውም። መጎተቻውን ብቻ ላስተካክልልሽ፤ የነበረውን ዚፕ አንዴ ካነሣሁት አይመለስም» ብለው ሥራቸውን ጀመሩ። እንዲህ ያለ ያገለገለ ቦርሳ ሲሸጥ ገዢ የሚጠይቀው የፊተኛው አካሉ ሳይነካ መቆየቱን ነው።

ካርዱና ቁጥሩ

ሻጮች ከሁሉ አስቀድመው የሚያወጡት ካርድ ነው። «ሰርተፊኬት አለው» ይላሉ። ሉዊ ቪቶን ግን ከቦርሳው ጋር የእውነተኛነት ካርድ አይሰጥም። ስለዚህ በዚህ ስም የታተመ የፕላስቲክ ካርድ አብሮ ከቀረበ የሚመሰክረው ለሻጩ ሳይሆን በሻጩ ላይ ነው።

በውስጥ ኪስ ወይም በስፌት ሥር የሚገኘው ቁጥርም ብዙ ሰው ያሳስታል። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 2021 ድረስ ኩባንያው የሚያትመው ፊደላትና አኃዞች ነበሩ። ይህ ግን የእያንዳንዱ ቦርሳ የብቻ መለያ አልነበረም፤ የተሠራበትን ቦታና ጊዜ የሚጠቁም ብቻ ነው። ለምሳሌ ከ2007 ወዲህ በተሠሩት ላይ አኃዞቹ 1029 ቢሆኑ፣ አንደኛውና ሦስተኛው ሳምንቱን፣ ሁለተኛውና አራተኛው ዓመቱን ይናገራሉ። ይህም የ2009 12ኛ ሳምንት ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ቦርሳ በዚህ ስሌት 68ኛ ሳምንት የሚል ቁጥር ይዞ ቢገኝ ዓመቱ 68 ሳምንት የለውምና ነገሩ አለቀ። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ መገኘቱ ግን ምንም አያረጋግጥም፤ አንድ ትክክለኛ ቁጥር አግኝቶ በሺህ ቦርሳ ላይ ማተም ቀላል ነውና። ከ2021 ጀምሮ ቁጥሩ ቀርቶ በዓይን የማይታይ ማይክሮ ቺፕ ውስጡ ይገባል። ስለዚህ «ቁጥር የለውም» ብሎ አዲሱን ቦርሳ መጣልም ስሕተት ይሆናል። «በአሜሪካ የተሠራ» የሚለው ጽሑፍም ብቻውን አያስደንግጥ፤ ኩባንያው ከፈረንሳይ ሌላ በስፔን፣ በኢጣሊያና በአሜሪካም ያሠራል።

ከቁጥሩ ይልቅ በቆዳው ላይ የታተመውን ስም በፀሐይ ብርሃን አስተውሉት። ኦ የምትባለው ፊደል ድብልብል ክብ ናት፤ እንደ እንቁላል አትረዝምም። ሁለቱ ቲ ፊደላት ሊነካኩ ምንም አይቀራቸውም። ኤልዋ አጭር እግር ናት። የፊደሉ ጠርዝ ስል ሆኖ ሳይደፈርስ መታተም ይኖርበታል።

ሌሎቹ ስሞች

ሻኔል ከ1955 ጀምሮ የታወቀበት ባለ ሰንሰለት ቦርሳ ላዩ እንደ ስፌት ብርድ ልብስ በተዳፉ አራት ማዕዘኖች የተሞላ ነው። እዚህ ላይ ኪሱን ማየት ነው። በኪሱ ላይ ያለው መስመር ከቦርሳው አካል መስመር ጋር ሳይቋረጥ መያያዝ አለበት። ይህን ለማድረግ ቆዳ መቁረጥና መጣል ያስፈልጋል፤ ቀጂ ደግሞ ቆዳ አያባክንም። በመቆለፊያው ላይ የተጣመሩት ሁለት ሲ ፊደላትም ሥርዐት አላቸው። ከላይ የቀኙ በግራው ላይ ያልፋል፤ ከታች ደግሞ የግራው በቀኙ ላይ።

ኤርሜስ በፊት የፈረስ ዕቃ ሠሪ ነበር፤ ይህም እስከ ዛሬ በስፌቱ ይታያል። በአንድ ክር ሁለት ጫፍ ላይ ሁለት መርፌ ይገባል። ሁለቱ መርፌዎች በአንዱ ቀዳዳ ወዲያና ወዲህ ይተላለፋሉ። ክሩ ሰም የተቀባ የተልባ እግር ነው። የኮርቻ ስፌት የሚባለው ይኸው ነው። በመኪና የተሰፋ አንድ ቦታ ቢበጠስ ተከታትሎ ይተረተራል፤ ይህ ግን አንዱ ጥልፍ ቢበጠስ ሌላው ክር ይይዘዋል። በእጅ የተሰፋ በመሆኑም ጥልፎቹ በትንሹ ሰያፍ ናቸው። ከመጠን በላይ ቀጥ ብሎ እንደ ማስመሪያ የሄደ ስፌት ካያችሁ መኪና ነው። በ1984 ጄን በርኪን በተባለችው ተዋናይትና ዘፋኝ ስም የወጣው የኤርሜስ ቦርሳ ዋጋው በብዙ ሺህ ዩሮ የሚቆጠር ነው። ለእርሷ የተሠራው የመጀመሪያው ደግሞ በሐምሌ 2025 በፓሪስ ሐራጅ በ8.6 ሚሊዮን ዩሮ ተሽጧል። ይህን ስም ከነሣጥኑ በአንድ ወር ደመወዝ የሚያቀርብ ሰው ስፌቱን ሳናይም መልሱን ነግሮናል።

ዓይን ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ

እስካሁን ያልነው ለመካከለኛው ቅጂ ይሠራል። ነገር ግን እውነተኛውን ገዝተው፣ በየስፌቱ ፈትተው፣ እያንዳንዱን ክፍል አጥንተው የሚሠሩ አሉ። የቻይናዋ ጓንዦ ከተማ በዚህ ንግድ ስሟ ይነሣል። እንዲያውም በ2012 የፈረንሳይ ፖሊስ የኤርሜስን ቦርሳ አስመስለው ይሠሩ የነበሩ ሰዎችን ሲይዝ፣ አንዳንዶቹ የራሱ የኩባንያው ሠራተኞች ሆነው ተገኝተዋል። የምጣኔ ሀብት ትብብርና ልማት ድርጅት የተባለው ዓለም አቀፍ ተቋም ከአውሮፓ ኅብረት የአእምሮ ንብረት ጽሕፈት ቤት ጋር ባወጣው ግምት፣ በ2021 ከአገር ወደ አገር የተሻገረው ሐሰተኛ ሸቀጥ 467 ቢሊዮን ዶላር ያወጣል። ቦርሳ ከዚህ ውስጥ አንዱ ዘርፍ ነው።

ቅጂው እዚህ ሲደርስ ከቦርሳው ይልቅ የመጣበትን መንገድ መመርመር ይሻላል። ሉዊ ቪቶን አዲስ ዕቃ የሚሸጠው በራሱ ሱቆችና በራሱ የሽያጭ መስመር ብቻ ነው፤ የቅናሽ ወራትም የለውም። «ከፋብሪካ የተረፈ ነው»፣ «የዓመት መጨረሻ ቅናሽ ላይ የገዛሁት ነው»፣ «ሱቁ ሲዘጋ የወጣ ነው» የሚሉት ታሪኮች በዚህ ስም አይሠሩም። ያገለገለ ከሆነ ግን ዋጋው መቀነሱ የሚጠበቅ ነውና ጥያቄው ሌላ ይሆናል። ማን ገዛው? የት? መቼ? ደረሰኙስ? የሱቁን ስም፣ ቀኑንና የቦርሳውን ዓይነት የያዘ ደረሰኝ ከቦርሳው ጋር መነጻጸር አለበት፤ ደረሰኝም አስመስሎ ይሠራልና።

ከዐረብ አገር ለሚመለሱ እህቶች አንድ ሁለት ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። ዱባይ ካራማ በሚባለው ሰፈር ቅጂ ቦርሳ መኖሩ የታወቀ ነው። ብዙዎቹ ሻጮች ቅጂ መሆኑን አይደብቁም። ያ ቦርሳ ስሙን የሚቀይረው አዲስ አበባ ሲደርስ ነው። የሁለትና የሦስት ዓመት ቁጠባዋን «ኦሪጅናል» በተባለ ዕቃ ላይ አፍስሳ ለመነገድ የምታስብ ሴት አስቀድማ አንዱን ብቻ ገዝታ ለሚያውቅ ታሳይ። በአውሮፓ በኩል የሚያልፉም ጥንቃቄ ይሻሉ። በፈረንሳይ ጉምሩክ ሐሰተኛ ዕቃ ይወረሳል፤ ይዞ የተገኘውም ይቀጣል። በኢጣሊያ ገዢው ራሱ እስከ 7 ሺህ ዩሮ ሊቀጣ ይችላል። ቦርሳው የአሠሪ ስጦታ ሲሆን ደግሞ ስጦታ መሆኑን የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ከነፊርማው መቀበል ይገባል። ይህ ወረቀት ከአሠሪዋ ቤት በሰላም ለመውጣትም፣ ነገ ቦርሳውን ለመሸጥም ያገለግላል።

ወደ መሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ እንመለስና፣ ዕቁብ የደረሳት እናት በዚያው በምሳ ሰዓት እንድትከፍል መገደድ የለባትም። ቦርሳውን በመስኮት በኩል በቀን ብርሃን ታየው፤ ትገልብጠው፤ ስፌቱን ትቁጠር። ጥቂት የመያዣ ገንዘብ ከፍላ አንድ ሌሊት ማሳደር ትችል እንደሆነ ትጠይቅ። «ዛሬ ካልወሰድሽው ሌላ ሰው ይጠብቃል» የሚል መልስ ካገኘች ሌላው ሰው ይውሰደው። ለመግዛት ከቆረጠች ደግሞ ስምምነቱ በወረቀት ይሁን፤ የቦርሳው ስም፣ «የኩባንያው እውነተኛ ምርት» የሚለው ቃል፣ ዋጋው፣ ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ ገንዘቡ እንደሚመለስ፣ ቀንና የሁለቱም ፊርማ ይኑርበት። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹን በሚያሳስት መግለጫ ዕቃ መሸጥን ከልክሏል። በቃል የተነገረ «ኦሪጅናል» ግን ክርክር ሲነሣ «እኔ እንደዚያ አላልኩም» በሚል መልስ ይቀራል። ባልደረባዋ ወረቀቱን ስታይ «ለነገሩ አንደኛ ኮፒ ነው» ያለች እንደሆነ፣ ዋጋውም ከዚያው ከኮፒው ተነሥቶ እንደገና ይጠራ።